የእታገኝ መርዶ

የሐበሻ በር በማለዳ ሲንኳኳ ልብ ይሸበራል። ለመርዶ ካልሆነ ማን በዚያ ሰዓት ይመጣል? እታገኝም ያን ቅዳሜ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ያለ አፓርታማዋን በር እያማተበች ከፈተች። ጋሽ ገረመው ቆመዋል፤ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ለሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ሽማግሌ ናቸው። አጠገባቸው ሚስታቸው እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላ ታናሽ ወንድሟ ፋሲል፣ ከሳንሆዜ ድረስ ነድቶ መጥቶ፣ መሬት መሬት ያያል።

«ማን ሞተ? እማዬ ናት?»

«እማዬ ደህና ናት» አለ ፋሲል።

«ታዲያ ማን ነው? ተናገሩ እንጂ!»

ጋሽ ገረመው ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሁሉም የእግዜር ሥራ ነው። ያ ጡትሽ ላይ የወጣው ነገር ደግ አይደለም። ፋሲል ቲኬት ቆርጧል። ነገ ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ፤ ጠበሉም አለ፣ እናትሽም አለች። ሰው በወገኑ መሀል ሲሆን...»

እታገኝ አንድ በአንድ አየቻቸው። ወይ ጉድ! ሰው የራሱን መርዶ በቁሙ ይረዳል?

ፋሲልን ለአስተርጓሚነት ሐኪም ቤት የወሰደችው እሷው ነበረች። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ውጤት ሲነገር ሐኪሟ ብዙ አወራች፤ ፋሲል ላቡን ጠረገና «ትንሽ እብጠት ናት፣ ትጠፋለች» አላት። ለሐኪሟ ደግሞ «አገሯ ሄዳ ትታከማለች» ብሏት ኖሯል። ሞኝ! ካንሰር የምትለዋን ቃል ለመስማት ኮሌጅ መግባት ያስፈልጋል? ደግሞስ ለምትጠፋ እብጠት ሐኪም የሰው እጅ ይዞ ሶፍት ያቀብላል?

በሳምንቱ ፍሩትቬል ሰፈር ከምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ፈቃድ ወስዳ ብቻዋን ተመለሰች። በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ «በዓይኔ ካላየሁ አልሄድም» ብላ ሙጭጭ አለች። ሐኪሟ ቢቸግራት ናሙና ወደሚመረመርበት ክፍል ይዛት ወረደች። እዚያ ናሙና የምትመረምረው የፓቶሎጂ ሐኪም ማይክሮስኮፑን አስተካክላ ወንበሯን ለቀቀችላት። ወይን ጠጅ ቀለም የተነከረ ነጠብጣብ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ፣ ሥርዓት የሌለው። እታገኝ ደጋግማ አየችው። ፈርታለች፤ ግን የምትፈራውን ነገር አሁን አወቀችው። «ይቺ ናት የምትገድለኝ?» አለች በሆዷ። «ቆይ፣ ማን ማንን እንደሚቀድም እናያለን!» ቀዶ ጥገናው ለመጪው ማክሰኞ ተቀጠረ። የፓቶሎጂ ሐኪሟ በቀዶ ጥገናው የሚወጣውን እጢ ለምርምር ለማስቀመጥ ፈቃዷን ጠየቀቻት፤ በሽታው አንዷ ላይ የሚመለሰው፣ ሌላዋን የሚተወው ለምን እንደሆነ ያጠናሉ። «ውሰጂው፣ ለኔ ምን ያደርግልኛል!» ብላ ፈረመች።

አሁን ይህን ሁሉ ዘረገፈችላቸው።

«አንቺ!» አሉ ጋሽ ገረመው። «ገላሽን ለፈረንጅ መጫወቻ?»

«የሚገድለኝን ነው የሰጠኋቸው፣ ጋሼ። እርስዎ ግን ሳልሞት ሊቀብሩኝ መጡ።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተስ?»

«እንዳታለቅሺ ብዬ ነው፣ እታለም። ልጠብቅሽ ብዬ።»

«ላልቅስ! ዕንባው የኔ፣ ጡቱ የኔ! ቲኬትህን መልስ። ማክሰኞ ከሥራ ትቀርና ትነዳኛለህ። አንዲት ቃል ግን አታስተረጉምም!»

ፋሲል አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ።

እሷ ሻይ ልትጥድ ወደ ኩሽና ገባች። እትዬ ትርንጎ ተከትለዋት ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት። የእታገኝን እጅ ይዘው ከቀሚሳቸው ሥር፣ ብብታቸው አጠገብ አኖሩት። ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር ጣቷን ነካው።

«ጋሼ ያውቃሉ?»

«ማንም አያውቅም። ከወጣ ከርሟል» አሉ በሹክሹክታ።

እታገኝ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ከትከሻቸው አነሳችው፤ አዙራ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ መልሳ አለበሰቻቸው።

«ሰኞ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን» አለች። «አስተርጓሚዎ እኔ ነኝ።»