ነጮ ጤነኛ ነበር

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ለእናቴም፣ እዚህ አብረውኝ ለሚያድሩት ልጆችም ተንፍሼ አላውቅም። ከእኔ አፍ ሲወጣ የምትሰሙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እናንተ ናችሁ። ስለማላውቃችሁ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

አንባቢን ላለማድከም በደሌን አስቀድሜ ልናገር። ውሻ አሰርኩ። ያሰርኩትን ውሻ አስራብኩ። ከዚያም ዋሸሁ። በውሸቴ ምክንያት ጤነኛ ውሻ ተገደለ፤ የልጅነት ጓደኛዬ ምስራቅም ከትምህርቷ ቀረች። ይህን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

አሁን ቴፒ ካምፓስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከመመገቢያ አዳራሻችን ጀርባ ትርፍራፊ የሚጠብቁ ውሾች አሉ። ባለፈው ሳምንት ምሳ በልተን ስንወጣ፣ ከሁሉም ጋር ሲላፋ የቆየ አንድ ጥቁር ውሻ ድንገት ፀጉሩ ቆመ። ከአጥሩ በኩል አንድ ቡናማ ውሻ እየመጣ ነበር። ጥቁሩ ጥርሱን አገጠጠ፤ ቡናማው ግን ምንም አላደረገም።

"የድሮ ፍቅረኛውን ቀምቶት ይሆናል" አለ አንዱ ልጅ።

"ኧረ ባክህ፣ የመልኩ ነገር ነው። ውሻም ሰው መምረጥ ጀመረ!" አለች ሌላዋ፤ ሁሉም ሳቁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ሀኒ፣ አንቺ የገጠር ልጅ ነሽ፣ እስቲ ንገሪን። ሁሉን ትቶ ለምን በዚህ ብቻ ይነሳበታል?"

"እኔ እንጃ" አልኩ።

ስለ ጥቁሩ ውሻ በእርግጥ አላውቅም። ስለ ሌላ ውሻ ግን አውቃለሁ። ይህ ጥያቄ ከዓመታት በፊት በብዙ ሰው ፊት ሲጠየቅ መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔም "እኔ እንጃ" ብል በተሻለ ነበር! ያልኩት ግን ከዚያ የከፋ ነው።

ቤታችን ሸዋ ቤንች የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ከቡናችን በታች የበቆሎ ማሳ አለን። ከእኛ ቀጥሎ የእትዬ ወርቅነሽ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ የጋሽ ማርቆስ ማሳ ነው። እትዬ ወርቅነሽ ባላቸው ሞቶባቸው ከአንድ ልጃቸው ከምስራቅ ጋር ይኖራሉ። ምስራቅና እኔ እኩያሞች ነን፤ ትምህርት ቤትም አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። ከሦስቱ ማሳዎች በላይ ጫካ አለ። በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮ ከጫካው ይወርዳል። ያልተጠበቀ ማሳ በአንድ ጠዋት ባዶ አገዳ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የምንጠብቀው በወንፈል ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ወንፈል የሚወጣው ሰው ብቻ አይደለም፤ ውሻም ይወጣል። እያንዳንዱ ቤት ውሻውን ወደ ማማው ይዞ ይመጣል፤ ውሾቹ አንድ ላይ ሆነው የሦስታችንንም ማሳ ይጠብቃሉ። ሰው በተራ ይገባል፣ ይወጣል። ዝንጀሮውን የሚያባርረው ውሻው ነው። ውሻ የሌለው ቤት የወንፈሉ አባል አይሆንም፤ ማሳውን ራሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

የእነ ምስራቅ ውሻ ነጮ ይባላል፤ ሙሉ ነጭ ነበር። ዝንጀሮ ገና ከዛፍ ሳይወርድ ያሸተዋል። የእኛው ቻለው ግን ገራገር ነበር። ሌሎቹ ሲሮጡ እሱም ከኋላ ይሮጣል፤ ሲደርስ ሁሉም ነገር አልቋል።

"ሰውዬ፣ ይሄ የእናንተ ውሻ ዝንጀሮውን ሊያባርር ነው ወይስ ሊሸኝ?" ይሉት ነበር ጋሽ ማርቆስ አባቴን።

አባቴ ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን አይስቅም። አንድ ቀን "እንዲሁ በነፃ የሚበላ ውሻ" ሲል ሰማሁት፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን እፍረት ማጥፋት ፈለግኩ። አባቴን ማስደሰት ከምንም በላይ እወድ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በደረጃ የምወጣው እንኳን ለእሱ ብዬ ነው። ማማው ላይ ደግሞ ትልልቆቹ "ውሻ ካልቀና አይነክስም" ሲባባሉ ሰምቻለሁ። እንግዲያው አስቀናዋለሁ አልኩ።

አባቴ ቡና ለቀማ ሲሄድ ቻለውን ከቡና ማድረቂያው አልጋ እግር ጋር አሰርኩት። ገመዱን አሳጠርኩት። ጠዋት የተተወለትን ምግብ አልሰጠሁትም። ከዚያ ነጮን በአጥሩ ቀዳዳ ጠራሁትና የቻለውን ጎደሬና አጥንት ቻለው ፊት አስቀምጬ አበላሁት። ቻለው ዘለለ፤ ገመዱ አንገቱን ይዞ መለሰው። እንደገና ዘለለ፣ እንደገና ታነቀ። በማግስቱም አሰርኩት። ከትምህርት ቤት በመጣሁ ቁጥር አሰርኩት። መጀመሪያ ያለቅስ ነበር፣ ከዚያ ያጉረመርም ጀመር። ሲያጉረመርም "ጎበዝ! በርታ!" አልኩት። ነጮ ምን በደለ? ጠርቼው መጣ፣ ሰጥቼው በላ። ቻለውስ ምን በደለ? እኔ ግን ሥራዬ የተሳካ መሰለኝ።

እዚህ ላይ ለዚያ ጥያቄ መልስ ልስጥ። የሌላውን ውሻ ሁሉ ጠብ አላውቅም። ሽታ የሚያጣላቸው ይኖራሉ፣ አጥንት የሚያጣላቸውም ይኖራሉ፣ በልጅነታቸው የተነከሱም ይኖራሉ። የቻለውን ግን አውቃለሁ። ረሃቡ ሲመጣ ነጭ ውሻ አብሮ ይመጣል። ገመዱ አንገቱን ሲያንቀው ዓይኑ ፊት ያለው ነጭ ውሻ ነው። ገመዱን ማን እንዳሰረው አያስብም፤ እኔንማ እጄን ይልስ ነበር። ህመሙን ሁሉ ያየው በዚያ ነጭ ፀጉር ላይ ነው። ዝንጀሮ ላይ እንዲነሳ የፈለግኩትን ውሻ ወዳጁ ላይ እንዲነሳ አስተማርኩት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማማው ላይ ሁላችንም ነበርን፤ አባቴ፣ ጋሽ ማርቆስ፣ እትዬ ወርቅነሽ፣ ምስራቅና እኔ። ዝንጀሮው በእትዬ ወርቅነሽ ማሳ በኩል ወረደ። ውሾቹ ተፈቱ። ነጮ እንደ ልማዱ ቀደመ። ቻለውም እንደዚያ ቀን ሮጦ አያውቅም፤ አባቴ "አያችሁት? አያችሁት?" ብሎ ሲጮህ ትዝ ይለኛል። ቻለው ግን ዝንጀሮዎቹን አላያቸውም። ነጮ ላይ ደረሰና ጉሮሮውን ያዘ።

በዱላ አላቀቋቸው። የጋሽ ማርቆስ ውሻ መሀል ገብቶ ነበር፤ ቻለው እሱን አልነካውም። ዝንጀሮዎቹ በቆሎውን እየገነጠሉ ወደ ጫካው ተመለሱ። ምስራቅ ሻሿን አውልቃ የነጮን አንገት ጠቀለለች። ነጮ እየደማ ያለከልካል፤ ከአፉም አረፋ ይወርድ ነበር።

ጋሽ ማርቆስ ሁለቱን ውሾች እያፈራረቁ አዩ። "ውሻ እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ ጓደኛውን አይበላም" አሉ። "የእኔን ውሻ ለምን አልነካውም? ይሄኛው ላይ የሸተተው ነገር አለ። ውሻ ያበደ ውሻ ያውቃል።"

"ኧረ በስመአብ! ምን ሆነና?" አሉ እትዬ ወርቅነሽ። "ማታ እራቱን በልቶ ነው ያደረው!"

"አፉን እይዋ፣ ወርቄ። አረፋውን እይው።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "ሀና፣ አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመጪ በአጥሩ በኩል ታይዋለሽ አይደል? ምን አይተሻል?"

ሁሉም አዩኝ። እውነቱን ብናገር ቻለው ይቀጣል፣ እኔ እገረፋለሁ፣ አባቴም በጋሽ ማርቆስ ፊት ያፍራል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በአንድ ትንፋሽ ነው።

"ሰሞኑን ለሀጩ ይዝረበረባል" አልኩ። "ውሃም ሲጠጣ አላየሁትም።"

አባቴ እጁን ራሴ ላይ አደረገ። "አስተዋይ ልጅ" አለ። እኔም ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ግን ደስ አለኝ።

ነጮን እዚያው በዱላ ገደሉት። ምስራቅን ይዞ ያራቃት አባቴ ነበር።

ደሙ እጇን ስለነካት ሚዛን ከተማ ወስደው የእብድ ውሻ መርፌ አስወጓት። ሰፈሩ ግን መርፌውን አላመነም። አርባ ቀን እስኪያልፍ ማንም በኩባያዋ አልጠጣም፤ ትምህርት ቤትም ዴስኩ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት መጥታ "ሀኒ፣ እውነት ለሀጩን አይተሻል? እኔ እኮ አብሬው ነው የምውለው፣ አንድ ቀን አላየሁም" አለችኝ። በፍርሃት ከስታ ነበር። ጤነኛ እንደነበረ ብነግራት ያን ቀን እንቅልፍ ትተኛ ነበር። እኔ ግን "አይቻለሁ" አልኳት። የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት ሰው ሲያየኝ ነው። ሁለተኛውን የዋሸሁት ማንም ሳያየን፣ ዓይኗን እያየሁ ነው።

እሷ አላበደችም። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በእኛ ዘንድ ቡችላ አይገዛም፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይሰጣል። እብድ ውሻ ወጣበት ለተባለ ደጅ ግን ቡችላ የሚሰጥ አልተገኘም። እትዬ ወርቅነሽ ውሻ ስላልነበራቸው ከወንፈሉ ወጡ። እሳቸው ለሰው ቡና ለቀማ ካልሄዱ ቤቱ አይበላም፤ እናም ማሳውን የሚጠብቅ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። በነጮ ቦታ ምስራቅ ገባች። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ቀረች፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ። ስምንተኛ ክፍልን ሳትፈተን ቀረች። እኔ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፣ ተጨበጨበልኝ።

ቻለውስ? ቻለው ነክሶ እንጂ ተነክሶ አይደለም ተባለና ተከበረ። "በሽታ የሚያሸት ውሻ" ተባለ። ነጭ ውሻ ባየ ቁጥር ፀጉሩ ይቆማል፤ ሰውም ያንን ውሻ ይጠረጥራል። አንድ ከገበያ ሰው ተከትሎ የመጣ ነጭ ውሻ በእሱ ማጉረምረም ብቻ በድንጋይ ሲባረር አይቻለሁ፤ መትረፉን አላውቅም። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ቻለው በእርጅና ሞተ፤ አባቴ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ነጮ የት እንደተጣለ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ ምን ቀረኝ? ልጅ ነበርኩ ብዬ ልለፈው? አድጌም ዝም ብያለሁ። ውሻ ነው፣ ሰው አይደለም ልበል? ምስራቅ ሰው ናት።

ትናንት ደወልኩላት።

"አንቺ! የኛ ምሁር!" አለችኝ ገና ድምፄን ስትሰማ። "የቴፒ ሙቀት አልገደለሽም? ስትመጪ ዱቄት መስለሽ እንዳትመጪ፣ ካምፓስ የገባች ሁሉ ነጣች እያሉ ነው!" ሳቀች። እኔ በስልክ መናገር አልቻልኩም፤ ባይሆን ፊቴን እያየች ትስማኝ አልኩ። ቅዳሜ እንደምመጣ ብቻ ነገርኳት።

ለአባቴም ደውዬ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ ማርቆስን፣ እትዬ ወርቅነሽንና ምስራቅን ወደ ቤታችን እንዲጠራልኝ ለመንኩት።

"ምን ተገኘ? ልታገቢ ነው እንዴ?" አለኝ።

"ስመጣ ትሰማለህ፣ አባዬ።"

ሀሳቤን አልለውጥም። ዓርብ ፈተና ጨርሰን ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሚዛን የሚሄደውን መኪና እሳፈራለሁ። ያን ቀን በሰው ፊት እንደዋሸሁ፣ እውነቱንም በእነዚያው ሰዎች ፊት እናገራለሁ፤ ነጮ ጤነኛ ነበር፣ ቻለውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አባቴ ያፍርብኝ ይሆናል። ይፈር። እትዬ ወርቅነሽ ከቤታችን ደጃፍ ድርሽ አልልም ካሉ መብታቸው ነው። ይቅርታ እንዲያደርጉልኝ አለቅስባቸው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቅስም፣ ምክንያቱም ካለቀስኩ ያባብሉኛል።

ምስራቅ አንድ ነገር እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ "ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?" ትለኛለች። ልጅ ስለነበርኩ ነው ልላት አሰብኩ። ዱላ ፈርቼ ነው ልላትም አሰብኩ። ሁለቱም ውሸት አይደሉም፤ ግን ሁለቱንም አልላትም። አባቴ "አስተዋይ ልጅ" ሲለኝ ደስ ስላለኝ ነው እላታለሁ። ከዚያ የምትለኝን እሰማለሁ።