ካፖርቱ ፀሐይ ላይ የወጣ ቀን

ነገሌ ውስጥ የሱፍ ካፖርት ያለው ቤት የእኛ ብቻ ነበር ብል ብዙም አልዋሽም። አባቴ ከመንዝ ሲመጣ የለበሰው ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ። ነገሌ ከገባ በኋላ ግን አንድም ቀን ሲለብሰው አላየሁም። ግመል እንኳ ጥላ በሚፈልግበት አገር ካፖርት ምን ይሠራል? አባቴ ሲሞት እናቴ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ብል እንዳይበላው በየጊዜው እያወጣች አጥር ላይ ታሰጣዋለች፣ ታራግፈዋለች፣ መልሳ ትቆልፍበታለች። እኔም "ይኼን ድብ ደግሞ ፀሐይ ልታሞቂው ነው?" እያልኩ እተርባት ነበር።

ዘመኑ የብሔራዊ ውትድርና ዘመን ነው። ለየቀበሌው ኮታ ይመጣል፣ ኮታው ካልሞላ አፈሳ ይከተላል። ከሰፈራችን ተጭነው ወደ ሰሜን ከሄዱት ልጆች አንድም ሲመለስ አላየንም። ወንድ ልጅ ያለው ቤት ውሻ በጮኸ ቁጥር ይደነግጥ ነበር። እኛ ቤት ደግሞ አንድ ወንድ ብቻ ነበር ያለው፤ ታናሽ ወንድሜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያፏጭ ጎረምሳ። ተረኛው እሱ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ጎባ ላይ አናጺ የሆነ አጎት ነበረን። ወንድሜ እዚያ ቢደርስ የሚያውቀው ቀበሌ የለም፣ ከአጎቴ ጋር እንጨት እየላገ ክፉ ቀን ያልፋል። ችግሩ መንገዱ ነው። በአውቶቡስ ዞሮ እንዳይሄድ በየኬላው የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል። የቀረው በእግር ገናሌን ተሻግሮ፣ በደሎ መና አድርጎ፣ የሐረናን ጫካ ወጥቶ፣ የሳነቴን ተራራ አቋርጦ ጎባ መውረድ ነበር። ነገሌ ተወልዶ ነገሌ ያደገ ልጅ ነው። የክረምት ጠዋት ነፋስ እንኳ ጥርሱን ያንቀጫቅጨዋል።

መንገዱን ያስተማረን ከደሎ መና የጫካ ማርና ቡና በበቅሎ እየጫነ የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነው፤ የእናቴ የረጅም ጊዜ ደንበኛ። መንገዱ ከሻይ ቤት ወደ ሻይ ቤት ነው አለን። በጫካው ውስጥ የቀን ጉዞ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አንዳንድ ጎጆ አለ፤ ሻይ የጠጣ ሰው እሳት ዳር ተጋድሞ ያድራል። የመጨረሻው ሪራ ነው። ከዚያ በላይ እስከ ጎባ ቁልቁለት ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፣ ሜዳና ድንጋይ ብቻ። ወንድሜን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ የነገረው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ሪራ ሻይ ቤት ሳትሞቅ ሳነቴን እንዳትረግጥ። ጉም ከወረደ ሳምንትም ቢሆን እዚያው ተቀመጥ። ላይ ከወጣህ በኋላ ግን ቢደክምህም እንዳትቀመጥ። እዚያ የሚገድለው መቀመጥ ነው።"

ወታደሮችስ እዚያ አይኖሩም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሽማግሌው ብርድ ለእነሱም ብርድ ነው፣ ሻይም ለሁሉም ነው አለኝ። 

ዝግጅቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነበር። በሞቃት አገር ለብርድ የሚዘጋጅ ሰው በገዛ እጁ ያሳብቃል። ገበያ ወጥቼ የሱፍ ክር ብጠይቅ "ማን ሊሄድ ነው?" እባላለሁ። ስለዚህ ከልባሽ ጨርቅ ተራ የተቀዳደደ ሹራብ ገዝቼ፣ ተርትሬ፣ መስኮት ዘግቼ በላብ እየተጠመቅኩ እንደገና ሠራሁት። በልብስ ስፌት መኪናዬ የሱሪውን ውስጥ በብርድ ልብስ ቁራጭ ገበርኩለት። ነገሌ ውስጥ በሶ የሚያዘጋጅ ሰው መንገደኛ እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ የገብስ ቆሎ ሽታ ደግሞ አጥር አይከለክለውም። እናቴ ገብሱን ስታምስ ጎን ለጎን በርበሬ ምድጃ ላይ ትጥላለች። ሰፈሩ ሁሉ እያስነጠሰ የእኛን ቤት ይራገማል። ወንድሜ በበኩሉ ድንጋይ በጆንያ ተሸክሞ ከከተማው ውጭ ያለውን ኮረብታ ይወጣል ይወርዳል፤ ለጠየቀው የጠፋች ፍየል እፈልጋለሁ ይላል። ፍየል ኖሮን አያውቅም።

ይህን ያህል ተጠንቅቀን ነው እንግዲህ እናቴ አንድ ጠዋት፣ ለጉዞው ብላ ካፖርቱን ከሳጥን አውጥታ፣ እንደ ልማዷ አጥር ላይ አስጥታው ቤተ ክርስቲያን የሄደችው። እጇ ነው የሠራው፣ ሐሳቧ አልነበረም። እኔ ከውኃ ስመለስ የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ አጥሩ ጥግ ቆሞ የካፖርቱን እጅጌ ይዳስሳል። ቦረና ነው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነበር።

"ናጋ ቡልቴ?" አለኝ፤ በሰላም አደርሽ ወይ ማለቱ ነው።

ናጋ አልኩት። ይህ ልብስ የደጋ ነው፣ ደጋ የሚሄድ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ብል እንዳይበላው ነው አልኩት። እጅጌውን ለቀቀ፣ ወደ ቤታችን በር አየ፣ ሄደ። ካፖርቱን ከአጥሩ ገፍፌ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እናቴ ስትመጣ የተናገርኳትን ቃል አልደግመውም። አፏን በነጠላዋ ይዛ ተቀመጠች።

ወንድሜ ዛሬውኑ ልሂድ አለ። እናቴ እምቢ አለች፤ በድንገት የጠፋ ሰው ጥፋቱን ያመነ ነው፣ ገናሌ ሳይደርስ ይይዙታል። ስለዚህ ተቀመጥን። ቀን መሸ፣ ነጋ። የመኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር የእናቴ ዓይን ወደ ሳጥኑ ይሄዳል። ማንም አልመጣም። አለመምጣታቸው ደግሞ ከመምጣታቸው ይብስ ነበር፤ የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ?

በመጨረሻ ያ ጥበቃ ራሱ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ጠመንጃ አልያዘም፤ አንድ ፍየል እየጎተተ፣ በሌላ እጁ የማር ቅል ይዞ፣ ልጁን አስከትሎ ነበር። ልጁ የወንድሜ እኩያ ነው፤ ቀጭን፣ ደረቱ የማይጠናለት፣ ሲያስል ሰፈር የሚሰማው። ሰውዬው በርጩማ ላይ ተቀመጠና እናቴን ቀና ብሎ ሳያይ ተናገረ።

"እትዬ፣ ልጅዎ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ኮታው ለእኔም አልራራም። ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እሱ ብቻ ነው፤ ከልጅዎ ጋር ይሂድልኝ።"

እኔ ደሜ ፈላ። የሰው ልጅ ከየቤቱ ሲለቅም የኖረ ሰው ዛሬ የራሱን ሊያስመልጥ በእኛ ካፖርት ተማምኖ ይመጣል? ደግሞም ይህ በጓዳ ነፋስ የሚያስለው ልጅ ሳነቴን ሊወጣ ነው? ካፖርቱ አንድ ነው፣ ብዬ ተናገርኩ። እናቴ ዝም በይ አለችኝ። እምቢ ብንለው ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሱ ግን አላስፈራራንም። ማሩን ወደ እናቴ ገፋ አድርጎ ልጄን የጡት ልጅዎ ያድርጉልኝ ብቻ አለ። ወንድማማች ከሆኑ አንዱ አንዱን ጥሎ አይሄድም።

እናቴ ቅሉን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነከረች። ያ ጎረምሳ አፍሮ አንገቱን እንደ ደፋ ተንበረከከና ጣቷን ጠባ። ወንድሜ ሊስቅ ሲል ዓይኗን አይቶ ተወው። ካፖርቱን ከሳጥን አውጥታ በሁለቱም ትከሻ ላይ አንድ ላይ ጣለችው።

"ተራ በተራ ትለብሱታላችሁ። የሌላውን ተራ የሚቀማ የእኔ ልጅ አይደለም" አለች።

ሁለቱም ማሉላት።

ፍየሉን ለቋንጣ ወንድሜ በስመ አብ ብሎ ባረከው፤ እኛ የሌላ እምነት ሰው ያረደውን አንበላም። ሆዱ ሲከፈት ግን ሰውዬው ቀረብ አለና ሞራውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ወደ ፀሐዩ ያዘው። ቦረና ጉዞና ዝናብ፣ ሞትና ሠርግ ከሞራ ላይ እንደሚያነብ አውቃለሁ። እናቴ የእግዜር ጠላት ሥራ ነው እያለች ፊቷን አዞረች፤ ጆሮዋ ግን እዚያው ነበር። ሰውዬው ደም ሥሮቹን በጣቱ ጫፍ ተከተለ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ሞራውን እንደ ነጠላ አጣጥፎ ቅጠል ላይ አስቀመጠው። ምን አየህ አልኩት።

"ሥጋው ጥሩ ነው" አለኝ።

ጎህ ሲቀድ ሄዱ። ነጋዴው በቅሎዎቹን ይዞ ከከተማው ውጭ ይጠብቃቸው ነበር። ካፖርቱን እንደ ጭነት ጠቅልለው በቅሎ ላይ አስረውታል፤ በነገሌ ሙቀት ማንም ሊለብሰው አይችልም። ሰውዬው ምራቁን እንትፍ እያለ መረቃቸው፤ ናጋን ገላ፣ በሰላም ግቡ አላቸው። ወንድሜ ሲሄድ እያፏጨ ነበር። ጠራሁት፤ ምን ልለው እንደነበር ጠፋኝና ሹራቡን ዕርጥብ እንዳታደርገው አልኩት።

ሰውዬው ለቀበሌው ሁለቱም ሻኪሶ ወርቅ ፍለጋ ጠፍተዋል ብሎ ተናገረ። ሻኪሶ የማይጠፋ ጎረምሳ ስላልነበረ ታመነ። ነጋዴው አንድ ጊዜ ተመልሶ ከሐረና ጫካ ሥር በደህና እንደተለያቸው ነገረን፤ ከዚያ ወዲያ እሱም መምጣት ተወ። ደብዳቤ መላክ ሁለቱንም ቤት ማሳሰር ስለሆነ ከጎባ ቃል እንደማይመጣ እናውቃለን። እናቴ መጥፎ ወሬ ክንፍ አለው፣ እስካሁን ካልደረሰ ደህና ናቸው እያለች ኖረች። ነገሌ ላይ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ግን በር ላይ ቆማ ወደ ሰሜን ታያለች። እኔም ከስፌቴ ቀና ብዬ እሷን አያለሁ። ሰውዬውና እናቴ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ስለ ልጆቹ ግን አንድ ቃል አይወጣቸውም።

ደርግ የወደቀ ዓመት የተበተነ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ይጎርፍ ነበር። እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ድንገት ሰፌዱን ጥላ ተነሣች። በዚያ በቀትር ፀሐይ ከመናኸሪያው ወገን አንድ ሰው ጥቁር ካፖርት ለብሶ ይመጣል። እናቴ የወንድሜን ስም እየጠራች በባዶ እግሯ ሮጠች። እኔ ግን አልሮጥኩም። ባለ ካፖርቱ እየሳለ ነበር።

ሦስት ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። የጥበቃው ልጅ እግሯ ላይ ወደቀ። ቤት አስገብተን ውኃ ከሰጠነው በኋላ መሬት መሬት እያየ ነገረን። ሪራ ሲደርሱ ሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ጠመንጃዎች ተደግፈው ነበር፤ ጭሱ ይሸታቸዋል፣ የወታደሮቹ ሳቅ ይሰማቸዋል። ሳይሞቁ በአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ተሽሎክልከው ሽቅብ ወጡ። ላይ ጉም ወርዶ ነበር፤ ከዚያ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። እሱ ትኩሳት ያዘውና ተቀመጠ። ወንድሜ አትቀመጥ እያለ ጎተተው፣ ደበደበው፣ አልሆነም። አብሮት ተቀመጠ። ጠዋት በዚያ ያለፉ ነጋዴዎች እሱን አንሥተው ጎባ አወረዱት፣ በወንድሜ ላይ ድንጋይ ካቡበት።

እናቴ አላለቀሰችም። እጇን ዘርግታ የካፖርቱን እጅጌ ያዘች።

"ተራው የማን ነበር?" አለችው።

"የእሱ ነበር፣ እማ። አወለቀና አለበሰኝ።"

ካፖርቱን ከላዩ ላይ ገፍፌ ወደ ውጭ ልጥለው፣ እሱንም አብሬ ልጥለው ፈለግኩ። ይህን ስሜት ዛሬም አላፍርበትም፤ የሞተው ወንድሜ ነው። እናቴ ግን እጅጌውን ለቀቀችውና እንጀራ አቅርቢለት አለችኝ። አቀረብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ካፖርቱ አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር። የልጁ አባት በዚያ ሲያልፍ አየሁት፤ ጠመንጃውም ሹመቱም ያኔ አልነበረም። አጥሩ ጥግ ቆመ። እጁን ወደ እጅጌው ሰደደ፣ ሳይነካው መለሰው፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤታችን ገባ።