መጋረጃ የተሰቀለለት የአረቄ ቤት ግድግዳ

እናቴ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ የማርያምን ዳገት መውጣት አቃታት። መንዝ ውስጥ ዘመሮ ከተማ ካለው ቤታችን ደጃፍ ተቀምጣ የምታየው የፊት ለፊቱን የአረቄ ቤት ግድግዳ ብቻ ሆነ። ሳትሳለም መዋሏ ከጉልበቷ ይልቅ ያማት ነበር። ወንድሜ የፀጉር ቤትና የሥጋ ቤት ማስታወቂያ ሠዓሊ ነው፤ ጭንቀቷን አይቶ አረቄ ሻጯን አስፈቀደና ምስለ ፍቁር ወልዳን ግድግዳው ላይ ሣለላት። እመቤታችን አምራለች፤ የመላእክቱ ፀጉር ግን ከፀጉር ቤቱ ቁርጥ አልወጣም።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ገበያተኛው ቆሞ ሲሳለም አህያው መንገድ ይዘጋል። ጠጪዎቹም ኮፍያ አውልቀው ከተሳለሙ በኋላ በዚያው በር መግባት አሳፈራቸውና በጓሮ መግባት ጀመሩ። «እመ አምላክን አረቄ ቤት!» የሚለው በዛ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በኖራ ይሸፈን አሉ።

እናቴ ከደጃፏ ሆና ሰማች። «አባ፣» አለቻቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር የነበሩትን የንስሐ አባታችንን፣ «እኔ ደጇ መድረስ ቢያቅተኝ እሷ ደጄ መጣች። እንግዳዬን ሊያባርሩብኝ ነው?»

እሳቸው ጢማቸውን እያሻሹ፣ «በቤተ መቅደስስ ሥዕል ያለ መጋረጃ መች ይውላል? መጋረጃ ይደረግላት» ብለው ፈረዱ። ስሱ ጨርቅ የመንዝን ነፋስ አልቻለም። ወንድሜ ሌሊት የሚለብሰውን ወፍራም የበግ ጠጉር ባና ሰቀለበትና ክረምቱን ሲንቀጠቀጥ ከረመ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አረቄ ሻጯ ባናውን ትገልጣለች፣ እናቴ ትጸልያለች፣ ባናው ሲወርድ አረቄ ቤቱ ይከፈታል። ጠጪው ቆሞ ይጠብቃል። እናቴ ይህን ካወቀች በኋላ ጸሎቷ ረዘመ። «ዛሬ ዳዊቱን ሙሉ ሊደግሙት ነው መሰለኝ» እያሉ ሲያጉረመርሙ ትሰማለች፤ ሰምታም ትጨምርላቸዋለች።

አንድ ማለዳ ብርድ መታትና ከአልጋ መነሣት አቃታት። ወጣ ስል ባናው ተገልጧል፣ ጠጪዎቹም ቆመዋል።

«እማማ ምነው ቀሩ?» አለኝ አንዱ።

መታመሟን ነገርኳቸው። ደንገጥ ብለው ተያዩ፤ ክፈቺልን ያለ አልነበረም።

«እንግዲያው የዛሬውን እኛ እናድርስላቸው» አለ ያው ሰውዬ።

እንድትሰማቸው በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። አባታችን ሆይን ተጋግዘው ተወጡት። «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ላይ ግን አንዱ ሲያስል፣ ሌላው ሲያጉተመትም፣ እስከ መጨረሻው የዘለቀችው አረቄ ሻጯ ብቻ ነበረች። እንባዬ መጣ።

እናቴ ከአልጋዋ «አሜን» አለች። ቀጥላም፣ «በይ ክፈቺላቸው ብለሽ ንገሪያት፤ ጸሎት ያልለመደ ሰው ቶሎ ይደክመዋል» አለችኝ።