የተጣሉት ወረቀቶች

ማጣሪያ ቀያሪው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ከዚያ ላይ የጡብ ፋብሪካው ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። ሥራው አጭር ነው፤ አየር ከሚስበው መሣሪያ የትናንቱን ማጣሪያ ወረቀት ያወጣል፣ ነጩን ያስገባል፣ የያዘውን ጥቀርሻ መዝኖ ይጽፋል።

ለቤተሰቡ ግን "የሰማዩ ሹም" ነው። ታላቅ ወንድሙ ከከተማው በታች፣ ጭሱ በሚነፍስበት በኩል ያርሳል። እሱን ሳይጠይቅ ዘር አይበትንም።

ሰኞ ደወለ።

"አንተ የሰማዩ ሹም፣ ደመናው ጣሪያዬ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። ልዝራ?"

"ቆይ ልጠይቅልህ ጋሼ።"

"ጠይቅ። ያለኝ ዘር ይኸው ነው፤ ከዚህ ወዲያ የምበትነው ጺሜን ነው።"

የትንበያ ባለሙያዋን ጠየቃት።

"ጭስ ሲበዛ የደመናው ውሃ በየብናኙ ላይ ይከፋፈላል" አለችው። "ጠብታው ይበዛል፣ ግን ይደቃል። ስለማይከብድ አይወርድም። መዝገብህን አይቼዋለሁ፣ የሰሞኑ ጭስ ትንሽ ነው። ይዘንባል።"

"ዝራ" አለው ወንድሙን።

ደመናው አራት ቀን ተንጠለጠለ። በአምስተኛው ነፋስ ይዞት ሄደ። መሬቱ ውስጥ የነበረው እርጥበት ዘሩን ለማብቀል በቃ፤ ለማሳደግ አልበቃም።

ባለሙያዋ ጣሪያው ላይ መጣች።

"መዝገብህ ላይ ከትንበያዬ በፊት ባለው ሳምንት ሦስት ቀን ባዶ ነው። መብራት የጠፋ መስሎኝ በቀሩት ቀናት አሰላሁ። ወረቀቶቹስ?"

"ተደፍነው ነበር። ጥቀርሻ ሲደፍነው መሣሪያው መሳብ ያቆማል። የተደፈነ ይጣላል፣ መመሪያው ነው።"

"ታዲያ ጭሱ የባሰበትን ቀን እየለየህ ስትጥል ነው የኖርከው?"

ማጣሪያ ቀያሪው የቆሻሻ ቅርጫቱን ዘቀዘቀው። ሦስቱ ወረቀቶች እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል።

ለወንድሙ ደወለ።

"ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ።"

"አንተ ደግሞ! ሹም ስንልህ እውነት መሰለህ እንዴ? ሰማይ በማን ይታዘዛል?"

"ሰማዩ አይደለም። የከተማው ጭስ ነው ዝናቡን የያዘው። ጭሱን የሚያሳየውን ወረቀት ቆሻሻ ብዬ ጣልኩት። ሳልጥለው ቢሆን 'አትዝራ' እልህ ነበር።"

ስልኩ ውስጥ ሳል ተሰማ።

"ልጆቹ መብላት አለባቸው" አለ ወንድሙ። "የጡብ ፋብሪካው ሰው ይቀጥራል አሉ። እሳት መማገድ አያቅተኝም። ይህንንስ ትጠይቅልኛለህ?"

ማጣሪያ ቀያሪው ቀና ብሎ ጭስ ማውጫዎቹን አየ። ሁሉም ይጨሳሉ።

"እጠይቃለሁ ጋሼ" አለ።