ለአክስቴ አውራ ጣት የተገዛ የጃፓን ቢላ

ቅዳሜ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ሰንጋ ተራ

ሌላው ተጓዥ ላሊበላ ወጣሁ፣ አርባ ምንጭ ወረድኩ ይላል። የእኔ የዛሬ ጉዞ ከሰንጋ ተራ ተነስቶ፣ በባምቢስና በካዛንቺስ አልፎ ጎተራ ላይ ያልቃል። ሱቅ እንደማይከፈት እያወቅሁ በማለዳ ወጣሁ። ጉዳይ ያለብኝ ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጉዳዬ ያሳደገችኝ አክስቴ አስካለ ናት። የካዛንቺሱ ግቢያችን ከፈረሰ ወዲህ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከልጇ ከሂሩት ጋር ትኖራለች። የድሮ ጎረቤቶቿ በየአቅጣጫው ተበትነው አሁን የሚገናኙት በወር አንዴ፣ በማኅበር ነው፤ ሴቶቹ ባለተራዋ ቤት ማልደው ገብተው ሽንኩርት አብረው ይከትፋሉ። ዘንድሮ ግን አውራ ጣቷን እያመማት ቢላ መጫን አቃታት። ሴቶቹ አዝነውላት «አንቺ አረፍ በይ» አሉና ሳሎን ከወንዶቹ ጋር አስቀመጧት።

«ወሬው ያለው ሽንኩርቱ ጋ ነው» አለችኝ ባለፈው እየሳቀች። «እኔ ስለ ነዳጅ ስሰማ እውላለሁ።»

ሳቋ አላማረኝም። የጃፓን ቢላ ጉልበት አይጠይቅም ሲሉ ሰምቻለሁ። ማኅበሩ ነገ ነው።

3 ሰዓት፣ ባምቢስ

የቤት ዕቃ መደብር። ድስት፣ ቴርሞስ፣ የሽንኩርት መፍጫ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ደግሞ የሚያብረቀርቅ የቢላ ደርዘን። አንዱ ጎኑ ላይ የጃፓን የሚመስል ጽሑፍ አለው።

«ኦሪጅናል ነው?» አልኩ።

«ብራዘር፣ ጽሑፉን እያየኸው?» አለ ሻጩ።

«ምን ይላል?»

«ማለቴ… ጃፓን ነዋ የሚለው።»

ሁለት ሺህ ብር ነው፤ መቀስም ይመረቃል። እጄ ኪሴ ገብቶ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ብዬ ወጣሁ።

4 ሰዓት ተኩል፣ ካዛንቺስ

ያሬድ አብሮ አደጌ ነው፤ እዚህ አንድ ሆቴል ውስጥ ምግብ ያበስላል። ወደ እሱ ስሄድ በድሮው ሰፈራችን አለፍኩ። ሰፊ መንገድ፣ አዲስ የእግረኛ ንጣፍ፣ በረድፍ የቆሙ የመብራት ምሰሶዎች። በራችን የቱ ጋ እንደነበር ለመገመት ሞክሬ አልቻልኩም። ከፋኝ።

ያሬድ በወጥ ቤቱ የኋላ በር ወጥቶ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ቢላዎች አሳየኝ። ውጭ አገር የሚሠራ ጓደኛው ለሽያጭ የላካቸው የጃፓን ቢላዎች ናቸው። ትልቁ ብረቱ ላይ የውሃ ሞገድ የመሰለ ጌጥ አለው፤ ሳጥኑም ያምራል። ትንሿ ከስንዝር አትበልጥም፤ እጀታዋ ተራ እንጨት ነው። ያሬድ ትንሿን ቲማቲም ላይ አሳርፎ ወደ ራሱ ሳብ ብቻ አደረጋት። ቲማቲሙ ተከፈለ።

«ቀጭን፣ ጠንካራ ብረት ነው» አለኝ። «አጥንት ላይ ካሳረፍካት ትሸረፋለች። እርጥብ ካስቀመጥካት ትዝጋለች። የምትሳለው በድንጋይ ነው፤ ሞረድ እንዳታስነካት።»

ዓይኔ ግን ትልቁ ላይ ነበር። ስጦታ መታየት አለበት ብዬ ነው፣ አልዋሽም።

«አክስትህ ሽንኩርት እንዴት ነው የሚከትፉት? አሳየኝ» አለ።

ሽንኩርቱን በግራ መዳፌ ይዤ፣ ቢላውን ወደ አውራ ጣቴ እየሳብኩ አሳየሁት። እናቶቻችን ሁሉ የሚከትፉት እንደዚያ ነው። ያሬድ ራሱን ነቀነቀ።

«እስከ ዛሬ ጣታቸውን ያተረፈው የቢላው ዶልዱምነት ነው። ይሄ ስለት በዚህ አያያዝ ደም ነው።»

«ታዲያ ይቅር?»

«ትንሿን ውሰድ፣ የእንጨት መክተፊያም ጨምር። በቃ፣ እጃቸውን እንደ አዲስ ማስለመድ ነው። ሥራው እዚያ ላይ ነው።»

ዘጠኝ ሺህ ብር ከፈልኩ። ሚኒባስ ውስጥ ጥቅሉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሳስበው ፈራሁ። ስጦታ የያዝኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ዕድሜ ልኳን ስትከትፍ የኖረችን ሴት፣ ያውም እኔን ያበላችበትን እጇን፣ «እንደዚህ አይደለም» ልላት ነው የምሄደው።

8 ሰዓት፣ ጎተራ

አራተኛ ፎቅ። አክስቴ ቢላዋን ወደዳት፤ መክተፊያውን ግን ገልብጣ አየችው።

«ጣውላ ላይ? አናጢ ነኝ እንዴ?»

«እስኪ ሞክሪው፣ እትዬ። መዳፍሽ ላይ ግን እንዳትሞክሪ።»

የመጀመሪያው ሽንኩርት ከመክተፊያው ላይ ሸሸ። ሁለተኛው እንደ ድንች ወፍራም ወፍራም ሆኖ ወጣ። የስንቷን ሙሽራ ሽንኩርት «አልደቀቀም» ብላ የመለሰች ሴት ናት፤ አሁን የራሷን በቢላዋ ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየችው። ሂሩት አላስችል ብሏት እጇን ዘረጋች።

«እማ፣ መፍጫው አለ እኮ።»

«ተዪኝ።»

ሦስተኛው ላይ ዝግ አለች። ቢላዋ ትገባለች፣ ትወጣለች፤ ድምፅ የለም።

«አመመሽ?» አልኳት።

አውራ ጣቷን አጠፍ ዘርጋ አደረገችው።

«አልተጫንኩትም እኮ» አለች ቀስ ብላ።

እጇን ታጠበችና ለነገዋ ባለተራ፣ ለድሮ ጎረቤታችን ለተዋበች ደወለች።

«ተዋቡ፣ ነገ በጠዋት ነው የምመጣው። የለም፣ ሳሎን አልቀመጥም። ከሽንኩርቱ ሁለት ኪሎ ለእኔ ተዪልኝ።» ትንሽ አመነታች። «እንደ ድሮው አይደቅልኝም። ብቻ እንዳትስቁብኝ።»