የፈረስ ናና

የወንድሜ ልጅ ሐና ቴክሳስ፣ ፍሪስኮ ከተማ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሳሩን አስነቅላ የተከለችው የሜዳ አበባ ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ላይ ፈነዳ። “አክስቴ፣ ይሄን ስሜል አድርጊው” ብላ አንዱን ቅጠል በጣቷ አሽታ አፍንጫዬ ሥር ስታመጣው፣ እኔ ሃምሳ አምስት ያለፈኝ ሴት ቅጠል ፈርቼ ወደ ኋላ ስሸሽ የቆመ መኪና ባይደግፈኝ ወድቄ ነበር። ልጅቷ ሳቀች። አልፈርድባትም፤ መጀመሪያ ሎሚ፣ ቀጥሎ ጦስኝ ጦስኝ የሚሸት ነገር ማንን ያስፈራል?

እኔን ያስፈራኛል። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ዝም ያልኩት ደግ ስለሆንኩ ሳይሆን የሚያምነኝ ስላልነበረ ነው። ዘንድሮ ግን አክስቴን አስካለን በምእመናን ፊት “የስደተኞች እናት” ብለው ካባ ስላለበሷት፣ እኔም የማውቀውን ልጻፍ።

ከሱዳን ከአክስታችን ጋር ወደ ቴክሳስ ስንመጣ እኔ አሥራ አንድ፣ ወንድሜ ሰሎሞን ሰባት ዓመታችን ነበር። ያረፍንበት የሜስኪት አፓርትማ ጀርባው ሜዳ ነበር፤ በግንቦት ማለቂያ ላይ አንዱ አገዳ አራት አምስት ቀሚስ ደራርቦ የለበሰ የሚመስል ሐምራዊ አበባ ሜዳውን ሞልቶት፣ ንቡ ሲጮህበት ከመስኮታችን ይሰማል። ከሜዳው ዳር በተጎታች ቤት የምትኖር ሚስ ኦፓል የምትባል አሮጊት ነበረች፤ እናቷ ከኦክላሆማ ነባር ሕዝቦች ወገን ናቸው። አበባውን ሆርስሚንት፣ የፈረስ ናና እንደ ማለት፣ ብላ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ቁንጫ እንዳይገባ ለዶሮዎቿ ትጎዘጉዘዋለች፣ የሳር ተባይ እንዳይነክሳት ቁርጭምጭሚቷን ታሽበታለች፣ ጉንፋን ሲይዛት በማር አፍልታ ትጠጣዋለች። እናቷ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ በእሱ ላብ ያስወጡት ነበር አሉ።

አንድ ቅዳሜ ሰሎሞን ሆዱን ይዞ ትኩሳት በትኩሳት ሆነ። አክስቴ ግንባሩን ዳስሳ፣ “ምች ነው። ትናንት ፀሐይ ላይ ቆሞ የተጠበሰ ዶሮ ሲበላ አይቼዋለሁ። አይ ዳማከሴ ቢኖር” አለች። ከሀገሬ ስወጣ ትንሽ ስለነበርኩ የዳማከሴን ቅጠል በዓይኔ አላስታውሰውም፤ ለአፍንጫዬ ግን የሜዳው አበባ እሱን እሱን ይለዋል። እሷን ማስደሰት በዚያ ቤት ውስጥ ዋናው ሥራዬ ነበርና ሮጬ አንድ እቅፍ ለቅሜ መጣሁ። አክስቴ በመዳፏ አሽታ፣ ዓይኗን ጨፍና አሸተተችውና “ጌታ እዚህም አብቅሎልናል” አለች። ጨምቃ አፍንጫው ውስጥ አንጠባጠበችለት፣ የቀረውን በብርጭቆ አጠጣችው። በገዛ እጇ። ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ በገዛ እጇ።

ከሰዓት በኋላ ልጁ እጥፍ ብሎ ጮኸ፣ ሆዱም እንደ ጣውላ ደረቀ። ጎረቤት በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን። ስድስት ወር ትምህርት ቤት ስለገባሁ የቤቱ አፍ እኔ ነበርኩ፤ ዶክተሩም እኔን አይቶ ምን በላ፣ ምን ጠጣ ሲል ጠየቀኝ። ለአክስቴ ነገርኳት። ወለሉን ትንሽ አየችና፣

“ከሜዳ ሳር ለቅማ ያጠጣችው እሷ ናት፣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ በይው” አለችኝ።

ዞሬ እጆቿን አየሁ።

“ምን ያፈዝሻል? እኔን ቢወስዱኝ ማን ሊያሳድጋችሁ ነው?”

አልኩት። “እሷ” የሚለውን “እኔ” ብዬ ገልብጬ አልኩት። በእንግሊዝኛ ያለ ስሕተት የተናገርኩት የመጀመሪያው ረጅም ዓረፍተ ነገር እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ጫማ በተራመደ ቁጥር ፖሊስ መጣ እላለሁ። ሰሎሞን ቢሞት ገዳዩ እኔ ነኝ፤ በራሴ አፍ ተናግሬአለሁ። ሽታው ጣቴ ላይ ነበረ። መታጠቢያ ቤት እየሄድኩ በሳሙና አሸሁት፣ አልለቀቀም፤ በመጨረሻ ማንም እንዳያሸተው እጆቼ ላይ ተቀመጥኩባቸው።

ዶክተሩ ወጥቶ ከፊቴ በርከክ አለ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር፣ ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል፣ ቅጠሉ በነገሩ የለበትም፣ ይህን ለአክስትሽ ንገሪያት አለኝ። ቃል በቃል ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች። እሑድ በኪራይ አዳራሽ ከአምልኮ በኋላ ሴቶቹ ከበው ዶክተሩ ስለ ቅጠሉ ምን አለ ብለው ሲጠይቋት ግን፣ “እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ? ራሷ አስተረጎመች፣ ራሷ ነጻ ወጣች” አለች። ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ባለ ሳሯ ሆነ። ለዓመታት በማኅበሩ ወጥ ቤት ሰሐን አጥባለሁ እንጂ “ሻዩን ለባለ ሳሯ እንዳትሰጧት” እየተባለ ጀበናም ማንቆርቆሪያም አልነካሁም።

ዛሬ በሜዳው ላይ መስኮት የሌለው መጋዘን ቆሟል። ሚስ ኦፓል ወዴት እንደተወሰደች የሚነግረኝ አላገኘሁም። አክስቴን ዶክተር ጋ የምወስዳትና የማስተረጉምላት ዛሬም እኔው ነኝ።

ባለፈው ግንቦት ያን ዕለት ሐና አበባውን በማር አፈላችውና ሦስት ስኒ ቀዳች። አንዱን ለራሴ አስቀርቼ፣ አንዱን ከውጭ ለገባው ለሰሎሞን አቀበልኩት። በትሕትና ተቀብሎኝ፣ “አሁን ቡና ጠጥቼ ነው የመጣሁት፣ እታለም” አለና መስኮቱ ጠርዝ ላይ አኖረው። ከአርባ ዓመት በላይ ከእጄ አንድ ነገር ጠጥቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ምክንያቱ መልካም ነው። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ የማን እጅ እንደነበረ አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው የተባለውን ነው።

ልነግረው ዞር አልኩ። ግን እንደ ኮሪደሩ ዕለት እጆቼ ላይ ተቀመጥኩ እንጂ አልነገርኩትም። አክስቴን ፈርቼ አይደለም፣ እሷ ሰማንያ እየተጠጋት ነው። የፈራሁት እሱ በዚያው በትሑት ድምፁ “ራሷ አስተረጎመች” እንዳይለኝ ነው።

ሻዩ ሲቀዘቅዝ የእሱንም እኔ ጠጣሁት።