የወፏ ኪራይ

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አስመራ ሁሉ ስለ መንግሥት በሚያንሾካሹክበት ዘመን፣ አንድ ሽማግሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍልፍል ጫካ ጭራሮ በጭነት መኪና ይዞ ይመጣ ነበር። ጃኬቱ በጣሊያን ጊዜ የተሰፋ፣ ጥምጥሙ ላይ የሰካው ላባ ደም የመሰለ ቀይ።

ማይ ጭሆት ሰፈር ፌርማታ ላይ ሻሂ የምትሸጠው ወሎዬዋ ዙህራ አንድ ቀን ጠየቀችው።

«አባቴ፣ ሁልጊዜ ጭራሮ? ደጄ ላይ አለ የሚሉትን ያን ትልቁን ዛፍ ለምን አይጥሉትም?»

«ተከራይ አለበት፣ ጓለይ፣ ልጄ። ባለ ቀይ ክንፏ ወፍ ጫጩት ታቅፋበታለች። ሌላው ዛፍ ተመንጥሮ አለቀ፤ ወዴት ትሂድ?»

«እንግዲያው ላባውን ይሽጡልኝ።»

በመዳፉ ሸፈነው።

«ኣይፋል፣ አይሆንም! ይሄማ ኪራዬ ነው፤ ራሷ ናት የጣለችልኝ።»

ሻሂውን ጨልጦ፣ የተጣፈ ጃኬቱን እንደ ሀብታሞቹ ሰፈር እንደ ቪላጆ ጀኒዮ ባለ ቪላ ቆልፎ፣ እየሳቀ ሄደ።